ለሁሉም አንድ ሎህ?



በመካነ ሰላም፣ በለጋምቦ ወይም በሌላው የወሎ ደጋ ቁርኣን ቤት ተቀምጦ ያየ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ። ልጆቹ ባንድነት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀራሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ የያዘው የራሱን ሎህ ነው። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ፋቲሓን ያጠናል፣ ሦስተኛው ጁዝእ ዐማን ሊጨርስ ተቃርቧል። ሸኹ ልጆቹን በየተራ እየጠሩ ያዳምጣሉ። ያወቀው ሎሁን አጥቦ አዲስ ያስጽፋል፤ ያላወቀው እዚያው ላይ ይደግማል። የበረታው ደረሳም ታናሹን ያስቀራል።

ዛሬ የመምህራን ማሠልጠኛዎች «እንደ ተማሪው ደረጃ ማስተማርና መመዘን» የሚሉት ዘዴ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በመደበኛው ትምህርት ቤት ግን በአብዛኛው አንድ ትምህርት ለሁሉም ይሰጣል፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድ ፈተና ይለካል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ቢያዝም፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በየዓመቱ ከመቶ 4 አልሞሉም። ክፍተቱ የተፈጠረው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም፤ ከታች ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ነው።

በአካባቢያችን ጉዳዩ ይበልጥ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አራቀ። ወደ ክፍል የሚመለሱት ልጆች በዕድሜ ቢቀራረቡም በዕውቀት እጅግ ይራራቃሉ። ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ?

አንደኛ፤ ከማስተማሩ በፊት ይወቃቸው። የሕንዱ ፕራታም ድርጅት እንደሚያደርገው፣ ልጁን ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽና አጭር ታሪክ በቃል ማስነበብ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ሁለተኛ፤ ግቡ አንድ ይሁን፣ መንገዱ ይለያይ። ትምህርቱ ማካፈል ከሆነ፣ ገና ያልገባቸው 12 ጠጠር ለ4 ሰው ያካፍሉ፤ መካከለኞቹ 48 ለ4 ሲካፈል በጽሑፍ ይሥሩ፤ የበረቱት 50 ኪሎ ጤፍ ለ4 ቤተሰብ አካፍለው የተረፈው 2 ኪሎ ምን እንደሚደረግ ያስረዱ። መምህሩ ቀድሞ የሚቀመጠው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው።

ሦስተኛ፤ እንደ ደረሳው የገባው ላልገባው ያስረዳ። አስረጂው ራሱ ይጠቀማል፤ ስልሳና ሰባ ልጅ ያለበት ክፍል ደግሞ ያለዚህ አይያዝም።

አራተኛ፤ ምዘናው ይብዛ፣ ይጠር። በክፍለ ጊዜው ማብቂያ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ መጻፍ የሚያስቸግረው በቃሉ ይመልስ። መምህሩም «ገባው፣ በከፊል፣ ገና» ብሎ በደብተሩ ይመዝግብ፤ የነገውን ትምህርት የሚያዘጋጀውም ይህንኑ አይቶ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምድቡ በየሳምንቱ ይታይ እንጂ የልጁ መጠሪያ አይሁን፤ «ሰነፍ» የተባለ ልጅ ስሙን አምኖ ይቀራል። ደግሞም የደካማው ግብ ዝቅ አይበል፤ የቁርኣን ቤቱ ልጅ ቢዘገይም የሚደርሰው እዚያው ኸትም ላይ ነው። ይህን ስንል ቁርኣን ቤቱ ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። አርጩሜውና ትርጉሙን ሳያውቁ መሸምደድ ሊታረሙ ይገባል። የሚወረሰው ልጁን ባለበት ቦታ ማግኘቱ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ለጠየቃቸው ሁሉ እንደየሁኔታው የተለያየ መልስ ይሰጡ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል።

እኛ ወላጆችም ድርሻ አለን። ልጃችን ካርድ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብለን ነው። ከዛሬ ጀምሮ «ያልገባህ የቱ ነው?» እንበለው። መልሱን ይዘንም ወደ መምህሩ እንሂድ።

ወላሁ አዕለም።