ከጨንቻ ቁልቁለት በፊት

ልጄ፣ የገዛኸው አይሱዙ ኤንፒአር ማርጀቱ አያሳስበኝም፤ ሞተሩ ደህና ነው። የሚያሳስበኝ የፍሬኑ ቱቦ ነው። ከጨንቻ አፕል ጭነህ በዶርዜ አድርገህ ወደ አርባ ምንጭ ስትመለስ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ያ ቁልቁለት ምሕረት የለውም።

1. ሥሩ ገብተህ እይ። በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር ግን እንዳትገባ፤ ጎማውን በድንጋይ አስይዝ፣ ሻንሲውን ደግፍ። የብረቱ ቱቦ ከሁሉ በፊት የሚበላው ከሻንሲው ጋር በታሰረበት ቦታ ነው፤ ጭቃው እርጥበት ይዞ የሚከርመው እዚያ ነውና። በሽቦ ብሩሽ ስትፍቀው ቅርፊት እያነሣ ከተቦረቦረ አበቃለት።

2. የፈነዳውን ብቻ ቀይረህ አትሂድ። ሌሎቹም እኩያዎቹ ናቸው። የላስቲኩ ቱቦ ደግሞ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ ስትረግጥ ዘይቱን ያሳልፋል፣ ስትለቅ አይመልስም። ፍሬኑ እንደያዘ ይቀርና ታምቡሩ ይግላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ በከንቱ ሸራ ይቀይራል።

3. «መዳብ ይሻልሃል፣ በቀላሉ ይታጠፋል» ቢሉህ እሺ አትበል። መዳብ ንዝረት ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ለፍሬን የተሠራ የብረት ቱቦ፣ ጫፉ በመሣሪያ ድርብ የታጠፈ ይሁን።

4. የዛገውን ዳዶ በፒንሳ አትታገለው፤ ማታ ዘይት አጠጥተህ ጠዋት በልኩ ቁልፍ ፍታው። አዲሱ ላስቲክ ሳይጠማዘዝ ይታሰር። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረህ ጎማውን እንደማይነካ አረጋግጥ።

5. ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ የፍሬን ዘይት አትግዛ። ከአየር ውኃ ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሳለ የመፍያው ዝቅተኛ ልክ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እርጥበት ሲገባበት ልኩ ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ ያኔ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል።

6. አየር ስታወጣ ከፖምፓው ከሚርቀው ጎማ ጀምር። ረዳትህ ረግጦ ይያዝ፣ አንተ የአየር ማውጫውን ዳዶ ክፈት፣ እሱ ሳይለቅ ዝጋ። የዘይቱ ዕቃ ባዶ እንዳይሆን ተጠንቀቅ፤ የወጣውንም ዘይት መልሰህ አትጨምር።

7. ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ቆይ፤ ረዳትህ መጋጠሚያውን ሁሉ ይይ። ከዚያ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሜዳው ላይ ባዶውን ሞክረው። ስትወርድ ከባድ ማርሽ ይዘህ ውረድ እንጂ በፍሬን ብቻ አትመካ።

በገበያ ቀን ጋቢና ውስጥ አጠገብህ የሚቀመጡ እናቶች አሉ። ፔዳሉ እግርህ ሥር ካልጠነከረ፣ አደራህን፣ ማንንም አታሳፍር።