ስንዴውን ከገለባው መለየት
(የአንድ እንግሊዝኛ አነጋገር ትርጉምና አጠቃቀም)

ባለፈው የጥናት ጊዜያችን፣ ከጉባኤ ስለሚቀሩ አባላት ስንነጋገር፣ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «ሴፐሬይት ዘ ዊት ፍሮም ዘ ቻፍ ማድረግ አለብን» አለ። ብዙዎቻችን ሳቅን። አዘውትራ የምትቀር አንዲት እኅታችን ግን በዚያ ቀን መጥታ ኖሮ አንገቷን ደፋች። ስለዚህ አነጋገሩን በሚገባ ልናጠናው ተስማማን።

1ኛ/ ቃል በቃል ሲፈታ

«ዊት» ስንዴ፣ «ቻፍ» ገለባ ነው። «ሴፐሬይት» ግስ ሲሆን መለየት ማለት ነው፤ በዚያው ፊደል ተጽፎ ቅጽል ሲሆን ግን «ሴፕረት» ተብሎ ይነበባል፤ የተለየ ማለት ይሆናል። «ፍሮም» የእኛን «ከ» ይተካል። በ«ሴፐሬይት» ፈንታ «ሶርት» የሚሉም አሉ፤ ትርጉሙ አንድ ነው።

2ኛ/ ምንጩ

አነጋገሩ የተወሰደው ከአውድማ ነው። በሬዎች ያበራዩትን እህል ገበሬው በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ይበትነዋል፤ ፍሬው ስለሚከብድ እዚያው ይወድቃል፣ ገለባውን ነፋስ ይወስደዋል። መጥምቁ ዮሐንስ ይህን ምሳሌ አድርጎ አስተምሯል (ማቴ. 3፥12፤ ሉቃ. 3፥17)። በ1611 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱም ቃላት በዚህ ጥቅስ ይገኛሉ፤ አነጋገሩ ግን በዛሬው መልኩ እዚያ አልተጻፈም።

3ኛ/ አጠቃቀሙ

ዛሬ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት ለማለት ይነገራል። አንድ ሰው ብዙ ወሬ ሰምቶ እውነተኛውን ሲመርጥ፣ ተማሪም ከረጅም ማስታወሻ ዋናውን ነጥብ ሲያወጣ ይህ ይባልለታል። ከባድ ፈተናም ጎበዙን ከሰነፉ ሲለይ እንዲሁ ይባላል፤ ለሰው ሲነገር ግን ይጎዳል።

4ኛ/ ከሚመስሉት ጋር እንዳይምታታ

ስንዴና እንክርዳድ (ማቴ. 13፥24-30) ሌላ ምሳሌ ነው። እንክርዳድ ከሌላ ዘር የበቀለ ነው፤ ገለባ ግን ከስንዴው ጋር በአንድ አገዳ ያደገ፣ ፍሬውን አቅፎ የቆየ ነው። በጎችንና ፍየሎችን መለየትም (ማቴ. 25፥32) በእንግሊዝኛ ራሱን የቻለ አነጋገር ሆኗል።

በሦስቱም ምሳሌዎች አንድ ነገር አስተዋልን። የሚለየው መንሽ የያዘው፣ አጫጁና እረኛው ነው። ስንዴ ስንዴን ሲያበጥር አልተጻፈም። እንዲያውም የእርሻው ባለቤት አገልጋዮቹ ለመንቀል ቢቸኩሉ፣ ስንዴውም አብሮ እንዳይነቀል ከልክሏቸዋል። ነቢዩ ኤርምያስ ግን ገለባና ስንዴን ያነጻጸረው ስለ ሰዎች ሳይሆን ስለሚነገር ቃል ነው (ኤር. 23፥28)። ይህ ለእኛም ይሆናል፤ እያንዳንዳችን የአፋችንን ቃል እናበጥር።

ከጥናቱ በኋላ እኅታችንን ለምን እንደምትቀር ጠየቅናት። የታመሙ እናቷን የምታስታምም እርሷ ብቻ ናት። ከሁሉ አስቀድሞ ይህን መጠየቅ ይገባን ነበር። አነጋገሩን የተናገረው ወንድማችንም ይቅርታ ጠየቃት፤ የሳቅነውም እንዲሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ/ ገለባና እንክርዳድ በምን ይለያያሉ?
ለ/ በዚህ ሳምንት ከተናገርነው ውስጥ ነፋስ የሚወስደው የትኛው ነው?