ትርፍ ያለው የጽሑፍ ርእስ እንዴት ይመረጣል?

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት ለጸሓፊም ይስማማል። ማንም ያልጠየቀውን ነገር ጽፎ «ግዙኝ» የሚል ሰው፣ ሳይጠሩት አቤት ከሚለው ሰው አይለይምና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም፣ በየጊዜው የሚወጣ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ሊያተርፍ የሚያስብ ሰው ርእሱን እንዴት አጥንቶ መምረጥ እንደሚገባው ለማስረዳት ነው። ትምህርቱን ያገኘሁት ከንባብ ብቻ ሳይሆን ከኪሳራም ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ ኪሳራውን እናገራለሁ።

ባለፈው ዓመት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ስምንት ገጽ ያላት ትንሽ ጋዜጣ አዘጋጀን። የፎቶ ኮፒውን ገንዘብ ያበደረችን እናቴ ነበረች። ርእስ ስንመርጥ ያማከርነው ራሳችንን ብቻ ነው፤ እኛ ከዋክብትን ስለምንወድ ስለ ከዋክብት ጻፍን። 60 ቅጂ አባዝተን የተሸጠው 11 ብቻ ሆነ። እናቴ ጉሊት የምትቸረችር ሴት ናትና የተረፈውን ክምር አይታ፣ «ልጄ፣ ሰው ምን እንደሚፈልግ ሳትጠይቅ ዕቃ ታወርዳለህ? እኔ እንኳ ጾም ሲገባ ቅቤ አላመጣም» አለችኝ። ነገሩ እውነት ስለ ነበረ መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሰዎች በጽሑፍ እንዴት እንዳተረፉ መመርመር ጀመርኩ።

1ኛ፤ ተመላልሶ የሚመጣ ችግር መፈለግ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው በለንደን ከተማ ቡና ቤት ነበረው። ደንበኞቹ የመርከብ ባለቤቶች፣ የመርከብ አዛዦችና ነጋዴዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ቡናቸውን እየጠጡ ዘወትር የሚጠያየቁት ስለ መርከብ ነበር፤ የትኛው መርከብ ደረሰ፣ የትኛውስ ሰጠመ እየተባባሉ። ሎይድ በ1696 ልዩ ልዩ ወሬ የያዘ ጋዜጣ ቢያወጣም በዓመቱ ቆመ። እርሱ ከሞተ በኋላ በ1734 በቤቱ ስም የተጀመረው «የሎይድ ዝርዝር» ግን በተለይ የመርከብንና የባሕር ንግድን ወሬ ይዞ ተነሣ፤ እስከ 2013 ድረስም በወረቀት ሲታተም ኖረ። ዛሬም በኮምፒዩተር ይነበባል።

ይህ ርእስ ስለ ምን ይህን ያህል ኖረ? መርከብ በየቀኑ ይነሣል፣ በየቀኑም ይደርሳል፤ ስለዚህ የትናንቱ ወረቀት የዛሬውን ጥያቄ አይመልስም። ሁለተኛም፣ ሀብቱን በባሕር ላይ የጫነ ነጋዴ ስለ መርከቡ ለማወቅ ጥቂት ገንዘብ ቢከፍል አይቈጨውም። እንግዲህ ርእስ ስንመርጥ «ሰው ይህን ይወዳልን?» ከማለት ይልቅ «ይህን ባያውቅ ምን ይጐዳዋል? ነገስ ተመልሶ ይጠይቃልን?» ማለት ይሻላል።

2ኛ፤ ሌሎች የሠሩትን መመልከት። ብዙ ሰው፣ ሌላ የጻፈበትን ርእስ ይሸሻል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ግን በ1732 በፊላዴልፊያ ከተማ የዘመን መቁጠሪያ ማሳተም ሲጀምር ሌሎች አታሚዎች አስቀድመው ያንኑ ይሸጡ ነበር። የሌሎቹ መሸጥ ገበያ መኖሩን ያስረዳል እንጂ በሩን አይዘጋም። ፍራንክሊን በቀኖቹ መካከል በተረፈው ባዶ ቦታ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ጨመረበት። መጽሐፉ ለ25 ዓመት ያህል ሲወጣ፣ በየዓመቱ 10,000 ያህል ቅጂ ይሸጥ እንደ ነበር ራሱ ጽፎአል። በእኛም አገር የአንዳንድ ጾምና በዓል ቀን በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ፣ አዲስ ዓመት ሲመጣ የዘመን መቁጠሪያ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ሌሎች የጻፉትን አንብቦ፣ ምን እንደ ጐደለው መመዝገብ ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ራስን መመዘንና በጥቂቱ መሞከር። በመረጡት ጕዳይ ላይ አሥር ልዩ ልዩ አርእስት ጽፎ ማየት መልካም ነው። አራት ላይ የደረቀ ሰው፣ ወይ ርእሱ ጠባብ ነው፣ ወይ የእርሱ ዕውቀት አይበቃም። ከዚያም ጥቂት ቅጂ ብቻ አባዝቶ የገዢውን ፊት ማየት ይገባል።

ዘንድሮ እኛም በዚሁ መንገድ ሄድን። 40 ተማሪዎችን «ማታ ስታጠኑ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። የሚበዙት የሰጡን መልስ አንድ ነበር፤ የሒሳቡን ጥያቄ በእንግሊዝኛ አንብበው ምን እንደሚል እንደማይገባቸው ነገሩን። የሒሳብ መጽሐፍ በገበያ ሞልቶአል፤ በአማርኛ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ግን አላገኘንም። ስለዚህ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች እየፈታን፣ ለመምህራችን እያሳየን አዘጋጀን። በመጀመሪያ 20 ቅጂ ብቻ አወጣን፤ በሁለት ቀን አለቀ። እስከ ፋሲካ ድረስ የእናቴ ብድር ተከፈለ፤ ለሚቀጥለው እትም የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ተረፈን።

በዚህ መካከል አንድ ሰው መጥቶ፣ «ሾልኮ የወጣ ፈተና ነው ብላችሁ ብትሸጡት በእጥፍ ታተርፉ ነበር» አለን። የተናገረው ስለ ገበያው ከሆነ ልክ ነው፤ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነውና። ነገር ግን ያ ተማሪ ያመነብንን ወረቀት ይዞ ፈተና ቢቀመጥና ቢወድቅ፣ የበላነው የእርሱን ዓመት ነው። ስለዚህ እምቢ አልን። ፈላጊ ያለው ነገር ሁሉ የሚሸጥ አይደለም፤ የተታለለ ገዢም ሁለተኛ አይመለስም።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፣ በአጭር ቃል ነገሩ ይህ ነው፤ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ጆሮአችሁን አቅኑ። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን፣ ሌላው ያላሟላውን፣ እናንተም በእውነት የምታውቁትን ምረጡ። ከዋክብቱን ግን አልተውናቸውም፤ የሒሳቡ ጽሑፍ በሚያተርፈው ገንዘብ አንድ ቀን እንጽፋቸዋለን።