«እናንተ ያላችሁት» የሚባል ደመወዝ የለም

ከዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ወንድማችን እንጅባራ ውስጥ አዲስ በሚከፈት ሆቴል በማርኬቲንግ ሠራተኛነት ሊቀጠር ቀረበ እንበል። ባለቤቱ «ስንት እንክፈልህ?» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ «እናንተ ያላችሁት» ይላል። ይህ ጸሐፊም በመጀመሪያ ሥራው ይህንኑ ብሎ፣ ወሩ ሲያልቅ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለእናቱ የሚልከው አጥቷል።

ለመሆኑ ስለ ዋጋ መነጋገር ነውር ነውን? በሱረቱል ቀሰስ እንደተነገረው የመድየኑ አዛውንት ልጃቸውን ሊድሩለት ሙሳ (ዐ.ሰ.) ስምንት ዓመት እንዲያገለግላቸው፣ ዐሥር ቢሞላ ግን በራሱ ፈቃድ እንዲሆን ጠየቁት። ሙሳም ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ ከሁለቱ አንዱን ከፈጸመ ሌላ እንዳይጠየቅ ተናግሮ፣ አላህን (ሱ.ወ.) ምስክር አድርጎ ተስማማ። ጊዜውም ዋጋውም ከሥራው በፊት ታወቀ።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝ ቁጥር አልጻፈም፤ ጉዳዩን ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ ትቶታል። ስለዚህ ቁጥሩን ይዞ መቅረብ የተቀጣሪው ፋንታ ነው። ባለቤቱ «ዐሥር ሺህ» ቢሉ እጅ የሚገባው ዐሥር ሺህ አይደለም። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ 1,650 ብር ለግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 700 ብር ለጡረታ ተቆርጦ 7,650 ብር ይቀራል። ሐጂም ይሁኑ ጋሼ፣ «የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ አያስቀይማቸውም።

አዲስ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ «አሁን ገንዘብ የለንም፤ ከምታመጣው እንግዳ ግን ድርሻ አለህ» ይላል። ነገሩ በራሱ ግፍ የለበትም። ፈቃሂዎች «ጁዓላ» የሚሉት ለውጤት የሚከፈል ዋጋ ማስረጃው በሱረቱ ዩሱፍ ይገኛል፤ የጠፋውን የንጉሥ መስፈሪያ ለሚያመጣ አንድ የግመል ጭነት ቃል ተገብቶ ነበር። ልብ በሉ፣ ዋጋው «አንድ ነገር እንሰጣለን» አልተባለም።

የእንጅባራን ሆቴል ብንወስድ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ከተማዋ በእንግዳ ትጨናነቃለች። ታዲያ በዚያ ሳምንት አልጋው ሲሞላ ማን አመጣው ይባላል? ባለቤቱ «ፈረሱ ነው ያመጣቸው» ቢሉ ወጣቱ ምን መልስ አለው? ስለሆነም የትኛው እንግዳ በስሙ እንደሚመዘገብ፣ የበዓሉ ሳምንት ይቆጠር አይቆጠር፣ ስንት በመቶ እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ሌላም ብዙዎች የማያዩት ነገር አለ። በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 53 መሠረት ኮሚሽን ከደመወዝ አይቆጠርም። የዓመት ፈቃድ ክፍያም ሆነ የስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዙ ነው። በትንሽ ደመወዝና በትልቅ ድርሻ የተቀጠረ ሰው ሲሰናበት የሚያገኘው በትንሹ ተሰልቶ ነው። በእኔ አስተያየት ከድርሻው ጥቂት ቀንሶ ደመወዙን ከፍ ማስደረግ ይሻላል።

በሌላ በኩል የባለቤቱም ጭንቀት እውነት ነው፤ አልጋው ገና ባዶ፣ ዕዳው ግን ሙሉ ነው። የሙከራው ጊዜ በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። እስከዚያ በዝቅተኛ ደመወዝ ሠርቶ፣ ሲያበቃ የሚጨመረው ብርና ቀኑ ቢጻፍ ለሁለቱም ይበጃል። ውሉ በቃል ብቻ ከሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ የመስጠት ግዴታ አለበት። ወንድማችን ወረቀቱን በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ቢጠይቅ ሕጉ የሰጠውን ነው የጠየቀው።