ተገጣጣሚ የቤት ዕቃን ሳይጎዱ መፍታት

በዛሬው የሙያ ትምህርታችን የምንመለከተው ተገጣጣሚ ቁም ሳጥን፣ አልጋና መደርደሪያ ሳይሰነጠቅና ሳይጫጫር እንዴት እንደሚፈታ ነው። አሠሪዎች ከሩዊ ወደ ሲብ ወይም ከአል ኹወይር ወደ ቦሸር ቤት ሲቀይሩ፣ አለዚያም ክፍል ሲቀባ፣ «ከበቱን ፍቺው» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ዕቃው ሲገጠም አላየነውም፤ መመሪያ ወረቀቱም ጠፍቷል። አንድ ጎን ቢሰነጠቅ ግን ወቀሳው በሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል፤ «ከደመወዝሽ ይቆረጣል» እስከ መባልም ይደረሳል። ስለዚህ ሥራውን ማወቅ ስምንም ገንዘብንም መጠበቅ ነው።

ተገጣጣሚ ዕቃ ምን ዓይነት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1956 የስዊድኑ አይኬያ ሠራተኛ የነበረው ጊሊስ ሉንድግሬን አንድ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ቢለው እግሮቹን ነቀለ ይባላል። ኩባንያው ከዚያ ወዲህ ዕቃን ፈታቶ በጠፍጣፋ ካርቶን መሸጥን ዋና ሥራው አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2022 በመስቀትም ሱቁን ከፍቷል፤ ሌሎች ሱቆችም ተመሳሳይ ዕቃ ይሸጣሉ።

አብዛኛው የሚሠራው በአገራችን ቺፕውድ ከምንለው ነው። ቺፕውድ የእንጨት ፍቅፋቂ በማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራ ስለሆነ እንደ ዋንዛ ወይም እንደ ጽድ ጣውላ ጉልበት አይችልም። ብሎኑ በኃይል ከተነቀለ ቀዳዳው ይፈረፈራል፤ ውኃ ከነካው ጠርዙ ያብጣል፤ ያበጠው ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር አንድ ነው፦ አልላቀቅ ያለ ሰሌዳ ሁሉ ገና ያልተፈታ ነገር አለው። ከመጎተት በፊት እንፈልገው።

ከመጀመራችን በፊት

1. ቀድሞ የነበረውን ጭረትና ስንጥቅ በስልክ ፎቶ አንስተን ለማዳም እናሳይ። በኋላ «አንቺ ነሽ» እንዳይባል ይህ ትልቅ ምስክር ነው። በሩን ከፍተን የውስጡን አገጣጠምም እናንሳ፤ ሲመለስ መመሪያ ይሆነናል።

2. ካቻቢቴ፣ ብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ)፣ ትንንሽ ፌስታል፣ እስክርቢቶና አሮጌ ብርድ ልብስ እናዘጋጅ። የካቻቢቴው አፍ ከብሎኑ ጋር በልክ ካልገጠመ የብሎኑን ራስ ይበላዋል።

3. ዕቃውን ባዶ እናድርግ። ብቻችንንም አንጀምር፤ ሁለተኛ ሰው የግድ ነው።

የአፈታት ቅደም ተከተል

ሕጉ ቀላል ነው፤ በመጨረሻ የተገጠመው መጀመሪያ ይፈታል።

ሀ. መሳቢያና መደርደሪያ ይውጡ። መሳቢያው መጨረሻ ላይ ከያዘ በጎኑ ወይም ከሥሩ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ መኖሩን እንይ፤ ከሌለው ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርገን እንሳብ።

ለ. በሮች ይቀጥላሉ። አንዱ በሩን ሲይዝ ሌላው ከታችኛው ማጠፊያ ጀምሮ የላይኛውን በመጨረሻ ይፈታል። አንዳንድ ማጠፊያ ከኋላው ሲጫኑት ብቻ ይለቃል፤ ብሎን መፍታት አያስፈልገውም።

ሐ. ዕቃው ግድግዳ ላይ ታስሮ ከሆነ ሁለተኛው ሰው ደግፎ ሳይዝ ማሰሪያውን አንፍታ። እ.ኤ.አ. በ2016 አይኬያ በአሜሪካ 29 ሚሊዮን ያህል ባለ መሳቢያ ኮመዲኖዎች እንዲመለሱ የጠራው፣ ግድግዳ ላይ ካልታሰሩ ወደ ፊት ወድቀው ሕፃናትን ስለገደሉ ነው። ልጆችም ከክፍሉ ይውጡ።

መ. ለሁለት ሆነን ዕቃውን በፊቱ በኩል ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ ብለን እናስተኛው። የጀርባው ስስ ሰሌዳ በትንንሽ ምስማር የተያዘ ከሆነ ምስማሮቹን ቀስ እያልን ነቅለን እናንሳው። ይህ ስስ ሰሌዳ ነው ቁም ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው፤ ከወጣ በኋላ ዕቃውን ማቆም ወይም ወደ ጎን መግፋት መጋጠሚያዎቹን ይሰብራል።

ሠ. አሁን ክብ የብረት ቁልፎቹን እናገኛለን። ሳንቲም የሚያህሉ፣ በሰሌዳው ውስጥ የተቀበሩ፣ ለካቻቢቴ አፍ ያላቸው ናቸው። ወደ ግራ ግማሽ ዙር ያህል ስናዞራቸው ይለቃሉ፤ ሲቆሙ እናቁም። ከዚያ ሰሌዳውን ሳናጣምም ቀጥ አድርገን እንሳብ። ክብ የእንጨት ችንካር ከያዘው ጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት መጋጠሚያው አጠገብ አስደግፈን በመዶሻ ቀስ ብለን መታ መታ እናድርግ። በኮላ የተጣበቀ ከሆነ ግን አይፈታም፤ እንዳለ ይጓጓዝ።

ከተፈታ በኋላ

የእያንዳንዱን ክፍል ብሎን ለየብቻው በፌስታል አድርገን «የግራ በር»፣ «የላይ ሰሌዳ» እያልን እንጻፍበት። ፕላስተር በሚታየው ፊት ላይ አንለጥፍ፤ ሲላጥ ሽፋኑን ይዞ ይነሳል። ሰሌዳዎቹን በጠርዛቸው አቁመን እንሸከም፤ በመካከላቸው ጨርቅ እናድርግ። ውኃ በሚታጠብ ግቢ ወይም በቀትር ፀሐይ አናስቀምጣቸው።

ሲመለስ፣ ብሎኑን በቀድሞ ቀዳዳው ከተን መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ ብለን እናዙረው። ቆጭ ብሎ በድሮው መንገዱ ሲገባ ይሰማናል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ እናጥብቀው። የሰፋ ቀዳዳ ካለ ስቲኪኒ በኮላ ነክረን እንሙላው፤ ሲደርቅ ብሎኑ ይይዛል።

እምቢ ማለት የሚገባን መቼ ነው?

ትልቅ መስታወት ያለው በር፣ ተንሸራታች በር፣ እስከ ጣሪያ የተሠራ ቁም ሳጥን የነጃር ሥራ ነው። በትሕትና «ሰቂል፤ ማ አቅደር ወሕዲ» (ከባድ ነው፤ ብቻዬን አልችልም) እንበል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ከተሰበረ ዕቃና ከተሰበረ ወገብ ይህች አንዲት ቃል ትሻላለች።

እንጠያየቅ

1. ከመፍታታችን በፊት ፎቶ የምናነሳው ለምን ሁለት ምክንያቶች ነው?
2. የጀርባው ሰሌዳ ከወጣ በኋላ ምን ማድረግ አይገባም?
3. አልላቀቅ ያለ ሰሌዳ ስናገኝ በቅድሚያ ምን እናደርጋለን?

አብረዋችሁ ከሚሠሩት ጋር ተወያዩበት። የእጃችሁን ሥራ ይባርክላችሁ።