የጓሮ ጎመንን ከእርሳስና ከካድሚየም መጠበቂያ ዘዴ

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው አስፋልት የጉደር ከተማን አቋርጦ ያልፋል። ጓሯችሁ አስፋልቱን ተጠግቶ ከሆነ፣ ወይም ቦታው ቀድሞ ጋራዥ፣ የባትሪ መጠገኛ ወይም የቆሻሻ መጣያ ከነበረ፣ ጎመን ከመትከላችሁ በፊት አፈሩን ጠርጥሩ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን መጠቀም ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ከመኪና ጭስ ጋር ወጥቶ መሬት ላይ ያረፈው እርሳስ ግን አይበሰብስም፤ ለአሥርት ዓመታት ከላይኛው አፈር አይለቅም።

ተክል መርዛማ ብረት ሲገባበት ዝም ብሎ አይሞትም። ካድሚየም ሥሩ ውስጥ ሲዘልቅ ሴሎቹ ፋይቶኬላቲን የሚባሉ አጫጭር ሰንሰለቶችን መሥራት ይጀምራሉ። እነዚህን በተክል ውስጥ የለዩት እ.ኤ.አ. በ1985 የጀርመን ተመራማሪዎች ናቸው። በሰንሰለቱ ላይ ያለው ሰልፈር ብረቱን ጠፍሮ ይይዘዋል፤ የታሰረው ብረት ቫኪዩል ወደተባለው የሴሉ ከረጢት ተወስዶ እዚያ ይቆለፍበታል። በዚህ ምክንያት ጎመኑ ለምልሞ ሊያድግ ይችላል። ነገር ግን ተክሉ ብረቱን ያሰረው ለራሱ ነው። ቅጠሉን ስንበላ ብረቱን ከነእስሩ እንውጠዋለን፤ የጨጓራችን አሲድም እስሩን ይፈታዋል። ስለዚህ የቅጠል ልምላሜ አያታልላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም አግኝተዋል።

እንግዲህ የእኛ ሥራ ብረቱ ሥሩ ጋ ሳይደርስ አፈሩ ውስጥ እንዲታሰር ማድረግ ነው።

መጀመሪያ አፈሩን አስመርምሩ። የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ስላለበት ናሙናውን ያበላሸዋል፤ የፕላስቲክ ባልዲ ያዙ። ጓሮውን እየተዘዋወራችሁ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍራችሁ ከእያንዳንዱ አንድ እፍኝ አፈር ውሰዱ። ንጹሕ ላስቲክ ላይ ዘርግፉት፤ ጓሉን በእጃችሁ ፈርክሱ፤ ሥርና ጠጠሩን ልቀሙ። ከዚያ ክምሩን በመስቀል አራት ቦታ ክፈሉት፤ ትይዩ የሆኑትን ሁለቱን ጣሉ፤ የቀሩትን ደባልቁ። አንድ ኪሎ ያህል እስኪቀር ደጋግሙት። ጥላ ላይ አድርቃችሁ፣ የቦታውን ስምና ቀኑን ጽፋችሁ ወደ ላቦራቶሪ ላኩት። የአሲድነት ልኬቱን (ፒኤች) እንዲሁም የእርሳስ፣ የካድሚየምና የአርሴኒክ መጠኑን ጠይቁ።

ቀጥሎ ኖራ። አምቦና ጉደር ያሉበት የምዕራብ ሸዋ ደጋ መሬት በብዙ ቦታ ኮምጣጣ ነው፤ አፈር በኮመጠጠ ቁጥር ካድሚየምና እርሳስ ይሟሟሉ፣ ሥርም በቀላሉ ይስባቸዋል። ፒኤቹ ወደ 6.5 ሲጠጋ ብረቶቹ አፈሩን ሙጥኝ ይላሉ። የኖራውን መጠን የሚወስነው ምርመራው ነው። በሄክታር 20 ኩንታል ከተባላችሁ በካሬ ሜትር 200 ግራም ማለት ነው፤ አምስት በአሥር ሜትር ለሆነ ጓሮ 10 ኪሎ ይበቃል። ከመትከል ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ በትናችሁ በዶማ ቀላቅሉ። አንድ ጥንቃቄ፦ አርሴኒክ ያለበት አፈር ላይ ኖራ ነገሩን ሊያባብስ ስለሚችል ውጤቱን ሳታዩ አትበትኑ።

በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የከብት ፍግም ጨምሩ። የበሰበሰው ነገር ብረቱን ይይዛል። የጎማ ወይም የተቀባ እንጨት አመድ ግን አታስጠጉ።

ከዚያ የምትተክሉትን ምረጡ። በተጠረጠረ መሬት ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር አትትከሉ፤ ቅጠልና ሥር ብዙ ብረት ይይዛሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያና በቆሎ ይሻላሉ፤ ወደ ፍሬ የሚደርሰው ብረት ትንሽ ነው። ለጎመን ከሌላ ቦታ ንጹሕ አፈር አምጥታችሁ ከፍ ያለ መደብ ሥሩ።

የሐበሻ ጎመን፣ በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ፣ ብረትን ከአፈር ለመሳብ በተመራማሪዎች የተፈተነ ተክል ነው። ለማጽጃ ብላችሁ ከተከላችሁት አትብሉት፤ ለከብት አትስጡት፤ ወደ ኮምፖስት አትመልሱት፤ አታቃጥሉት። ሥራው ዓመታት ይፈጃል፤ እርሳስን ደግሞ ከሥር ወደ ቅጠል ማውጣት ይከብደዋል። ለአስፋልት ዳር የምመርጠው ቬቲቨር ሣርን ነው፤ አብዛኛውን ብረት ሥሩ ላይ ያስቀራል፣ አፈሩንም ከጎርፍ ይይዛል።

ከገበያ የገዛችሁትን ጎመንም በደንብ እጠቡ። ቅጠሉን ከግንዱ ለዩት፤ አቧራው የሚደበቀው መጋጠሚያው ላይ ነው። የመጀመሪያው ውኃ ሲደፋ ሳህኑ ሥር ደለል ይቀራል፤ ያ ደለል እስኪጠፋ ውኃ ቀያይሩ። ማጠብ ግን የሚያስወግደው ከላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ውስጥ የታሰረው አይወጣም።

ሕፃናት ያላችሁ ደግሞ የተጠረጠረውን ባዶ መሬት ዛሬውኑ በሣር ሸፍኑ፤ ከጨዋታ ሲመለሱም እጃቸውን አስታጥቡ። እርሳስ ከምንም በላይ የሚጎዳው የሕፃንን አእምሮ ነው፤ ሕፃኑ እርሳሱን ከጓሮ የሚያገኘውም በአብዛኛው በአፈር ከተነካካ እጁ ነው።