ነባር ውሻና አዲስ ቡችላ

ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ባለው በሁርሶ ቆላ፥ ፍየል ለሚያረባ ሰው ሌሊት ጅብ ሲመጣ የሚያነቃው ውሻው ነው። ውሻው ማርጀት በጀመረ ጊዜ ባለቤቱ ቡችላ ያመጣል፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ቢቀሩ ግን በረቱ ያለ ጠባቂ ያድራል።

ቡችላ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ሊለይ አይገባም፤ የንክሻን ልክ የሚማረው በዚህ ወራት ከወንድሞቹ ጋራ ሲጫወት ነውና። ነባሩ ውሻ ደጁን እንደ ርስቱ ስለሚቈጥር፥ አስቀድመው ከግቢ ውጭ በሜዳ ይተያዩ።

ነባሩ ሲያጉረመርም ብዙ ሰው በዱላ ይመታዋል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። ማጉረምረሙ «ራቅ በል» ማለቱ ነው እንጂ ገና ንክሻ አይደለም። የተመታ ውሻ ማስጠንቀቁን ይተዋል፥ ጥላቻውን ግን አይተውም፤ ኋላ ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል። ስለዚህ ዘወር ማድረግ የሚገባው ቡችላውን ነው።

መብላቸው በተራራቀ ስፍራ ይሰጥ፤ አጥንት በመካከላቸው መጣል ጠብ መጫር ነው። ነባሩ ቡችላው የማይደርስበት ጥላም ይኑረው፤ በሁርሶ ሐሩር ይህ ከመብል አያንስም።

አንዳንዶቹ በሳምንት ይላመዳሉ፤ ሌሎቹ ወር ይፈጁ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ነባሩ በበረቱ ደጅ፥ ቡችላው በቤት ውስጥ ይደር።